«ቪዲዮውን አይቼዋለሁ ግን ክላስ ስገባ ባዶ ነኝ» ለምትሉ የፍሊፕድ ክላስ ተማሪዎች

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው አስተማሪያቸው ድንገት ተነስቶ "ከዚ በኋላ ትምህርቱን ቤታችሁ በቪዲዮ አይታችሁ ነው የምትመጡት፣ ክላስ ውስጥ ጥያቄ ነው የምንሰራው" ሲላቸው መጀመሪያ ደስ ብሏቸው በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ድብልቅልቅ ላለባቸው ተማሪዎች ነው። እኔ ፊዚክስን በዚ መንገድ ተምሬያለሁ፣ በኋላ ደሞ እዛው ኮርስ ላይ ሁለት ሴሚስተር ቲዩተር ሆኜ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞርኩ ሳግዝ ነበር፣ እና እዛ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል፣ የሚቸገሩት ልጆች ሰነፎች አይደሉም፣ አብዛኞቹ ቪዲዮውን አይተውታል፣ አንዳንዶቹ እንደውም ሁለቴ ሶስቴ አይተውታል። የጎደላቸው ከቪዲዮ እንዴት እንደሚማሩ ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው ነው። ቪዲዮ ማየት ደሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል የሚል አይጠፋም፣ ያስፈልገዋል፣ በጣም ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም ሁላችንም ቪዲዮ ማየት የለመድነው ለመዝናናት ነው፣ ጋደም ብለን፣ እጃችን ምንም ሳይሰራ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደመጣ በአጭሩ ላስረዳ፣ ምክንያቱን ስታውቁት ንዴቱ ትንሽ ይበርዳል። ፍሊፕድ ክላስሩም ማለት የተገለበጠ ክፍል ማለት ነው፣ ክላስ ውስጥ የነበረው ገለጻ ወደ ቤት ሄደ፣ ቤት የነበረው የቤት ስራ ወደ ክላስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ጆናታን በርግማን እና አሮን ሳምስ የሚባሉ ሁለት የሃይስኩል ኬሚስትሪ አስተማሪዎች ከክላስ ለሚቀሩ ተማሪዎቻቸው ብለው ትምህርታቸውን እየቀዱ ኢንተርኔት ላይ መጫን ጀመሩ፣ ከዛ የገባቸው ነገር ምንድነው፣ ተማሪ አስተማሪው አጠገቡ እንዲኖርለት የሚፈልገው ገለጻ ሲሰማ ሳይሆን ጥያቄ እየሰራ አልገፋ ሲለው ነው። ከነሱ በፊትም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃርቫርድ ውስጥ ኤሪክ ማዙር የሚባል የፊዚክስ ፕሮፌሰር ተማሪዎቹን አንብባችሁ ኑ እያለ ክላስ ውስጥ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር በጥያቄ እንዲከራከሩ ያደርግ ነበር። ስለዚ ሃሳቡ አስተማሪውን ማሳረፍ አይደለም፣ ከባዱን ስራ አስተማሪው ባለበት ሰአት እንድትሰሩት ነው። ይሄ የሚሆነው ግን ቀላሉን ክፍል በደንብ ይዛችሁ ከመጣችሁ ብቻ ነው፣ ችግሩ ሁሉ የሚነሳው ደሞ እዚች ጋ ነው።

አይቶ መረዳት እና ራስ መስራት አንድ አይደሉም

እስቲ አንዱን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ቪዲዮው ስለ ኒውተን ሁለተኛ ህግ ነው እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል፣ ሊፍቱ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አክሰለሬሽን (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚቀየርበት መጠን) ወደ ላይ እየፈጠነ ነው፣ ሚዛኑ ስንት ኒውተን ያነባል? አስተማሪው ሰውየውን በሳጥን ይስለዋል፣ ወደታች አንድ ቀስት ለመሬት ስበት፣ ወደላይ አንድ ቀስት ሚዛኑ ለሚገፋው፣ ግራቪቲን 10 ብሎ ይወስድና 10 እና 2 ተደምሮ 12፣ በ60 ሲባዛ 720 ኒውተን፣ አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እናንተ እያያችሁ ጭንቅላታችሁን ትነቀንቃላችሁ፣ "እሺ ግልጽ ነው" ብላችሁ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ።

በነጋታው ክላስ ውስጥ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ያው ሊፍት አለ፣ አሁንም ወደ ላይ እየወጣ ነው ግን ሊቆም ስለሆነ ፍጥነቱን በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እየቀነሰ ነው፣ ሚዛኑ ስንት ያነባል? እኔ በዞርኩባቸው ጠረጴዛዎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት መልስ 720 ነው። ለምን ስላቸው "ወደ ላይ እየሄደ አይደል እንዴ" ይሉኛል። መልሱ 480 ነው፣ ምክንያቱም ወሳኙ ሊፍቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ሳይሆን አክሰለሬሽኑ ያለበት አቅጣጫ ነው፣ እየወጣ ፍጥነቱ ሲቀንስ አክሰለሬሽኑ ወደታች ነው፣ ስለዚ 10 ሲቀነስ 2፣ 8፣ በ60 ሲባዛ 480። ቪዲዮው ውስጥ አስተማሪው "አክሰለሬሽኑ ወደላይ ስለሆነ" ብሎ በአንድ ቃል አልፎታል፣ ሁሉም ሰምቶታል፣ ግን ሲሰማ ማንም ቆም ብሎ "ወደታች ቢሆንስ?" አላለም። ሰው ሲሰራ እያያችሁ "ገባኝ" የምትሉት ነገር የሱ መንገድ ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ እናንተ እስክሪብቶ ስትይዙ ግን መንገዱ ለስላሳ አይደለም።

ይሄ የናንተ ብቻ ችግር አይደለም፣ የሰው ጭንቅላት እንደዚ ነው የሚሰራው። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ አንዱ ቡድን አንድ ጽሁፍ አንብቦ ደግሞ አነበበው፣ ሌላው ቡድን ካነበበ በኋላ ጽሁፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 ፐርሰንት ሲያስታውሱ ከጭንቅላታቸው እያወጡ የጻፉት 56 ፐርሰንት አስታወሱ። ቪዲዮውን ማታ ሶስቴ አይታችሁ "በቃ ይዤዋለሁ" ብላችሁ የምትተኙት ያ የ5 ደቂቃው ስሜት ነው። እኔ የመጀመሪያው ኩዊዝ ላይ ከ10 3 ያመጣሁት ሁሉንም ቪዲዮ ጨርሼ አይቼ ነበር፣ በጣም ነበር የከፋኝ፣ እና ያኔ ነው ቪዲዮ የማይበትን መንገድ መቀየር እንዳለብኝ የገባኝ።

ታዲያ ቪዲዮው እንዴት ይታይ

በመጀመሪያ ደረጃ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳትይዙ ፕሌይ አትንኩ። ከዛ በፊት ደሞ ርእሱን አይታችሁ 2 ደቂቃ ስለዚ ነገር የማውቀው ምንድነው ብላችሁ ጻፉ፣ ስህተት ቢሆንም ጻፉት፣ እንደውም ስህተት ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቪዲዮው ላይ ትክክለኛው ሲመጣ "እንዴ፣ እኔ ያልኩት እንደዚ አልነበረም" ብላችሁ ትነቃላችሁ። ምንም ሳይገምቱ የሚሰሙት ነገር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ነው የሚወጣው።

ቪዲዮው ረጅም ከሆነ በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤድኤክስ የሚባል የኦንላይን ትምህርት ድረገጽ ላይ ያሉ ኮርሶችን ወስደው 6.9 ሚሊዮን ጊዜ የታዩ ቪዲዮዎችን ያጠኑ ሰዎች ቪዲዮው ምንም ያህል ይርዘም መካከለኛው ተማሪ (ሚዲያኑ) ቪዲዮው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አግኝተዋል። ስለዚ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ከተሰጣችሁ እናንተ ራሳችሁ ሶስት አራት ቦታ ቆርጡት፣ አስተማሪው ሃሳብ የሚቀይርበት ቦታ ላይ አቁሙ፣ በየማቆሚያው ቀና በሉና ስክሪኑን ሳታዩ "አሁን ምን አለ?" ብላችሁ በራሳችሁ ቃል ሁለት መስመር ጻፉ። መጻፍ ካልቻላችሁ አላያችሁትም ማለት ነው፣ ወደኋላ ተመለሱ፣ ስልክ ላይ ዩቲዩብ ከሆነ የስክሪኑን ግራ በኩል ሁለቴ መታ መታ ስታደርጉ 10 ሰከንድ ይመልስላችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን ይቺን ያዙልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ። አስተማሪው ምሳሌ አንብቦ ሊሰራ እስክሪብቶ ሲያነሳ ፖዝ አድርጉት። ጥያቄውን ገልብጡና ራሳችሁ ሞክሩ፣ 3 ደቂቃ ስጡት፣ 5 ደቂቃ ስጡት፣ ባይመጣላችሁም ችግር የለውም፣ እስከየት ሄዳችሁ እንደቆማችሁ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ከዛ ፕሌይ አድርጉና እሱ የሚያደርገውን ከናንተው ጋር አስተያዩ። ካለቀ በኋላ ደሞ ጥያቄው ውስጥ አንድ ነገር ቀይሩ። ሊፍቱ ወደታች ቢሄድስ? በቋሚ ፍጥነት ቢሄድስ? (በቋሚ ፍጥነት ከሆነ አክሰለሬሽን የለም፣ 600 ነው የሚያነበው፣ ቆሞ እንዳለ ማለት ነው።) ይቺ "ቢሆንስ" የምትል ጨዋታ ክላስ ውስጥ የሚመጣውን ጥያቄ ከቀኑ ቀድማችሁ እንድታገኙት ታደርጋለች፣ ምክንያቱም አስተማሪዎችም ጥያቄ የሚያወጡት እንደዛ ነው፣ ምሳሌውን ወስደው አንድ ነገር ነው የሚቀይሩት።

በሰዓት ስናወራ፣ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ እንደዚ ሲታይ 25 ወይ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ይሄን ቀድማችሁ ካላሰባችሁት ፕሮግራማችሁ ሁሌ ይፈርሳል፣ "10 ደቂቃ እኮ ነው፣ ልተኛ ስል አየዋለሁ" ያለ ሰው አላየውም።

ስፒድ መጨመር ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ዩሲኤልኤ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሰራ ጥናት ላይ ሌክቸርን እስከ 2 እጥፍ አፍጥነው ያዩ ተማሪዎች ፈተና ላይ በመደበኛው ካዩት ብዙም አላነሱም፣ 2.5 እጥፍ ሲደርስ ግን ወረደ። እኔ የምመክረው ወሬ የበዛበት ቦታ ላይ 1.5 አድርጉት፣ ስሌት ወይም ዲያግራም ሲመጣ ወደ መደበኛው መልሱት፣ ለማንኛውም ፖዝ እያደረጋችሁ የምትሰሩ ከሆነ ስፒዱ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ስክሪንሾት ደሞ ኖት አይደለም፣ ስልካችሁ ውስጥ 200 ስክሪንሾት ካለ ያጠናው ስልካችሁ ነው።

ማታ 4 ሰአት ላይ ግራ ሲገባችሁ

የፍሊፕድ ክላስ ትልቁ ህመም ይሄ ይመስለኛል። ድሮ አስተማሪው ፊታችሁ ሲያስረዳ እጅ አውጥታችሁ "ቲቸር እቺ ከየት መጣች?" ትላላችሁ፣ ወይ ደሞ ፊታችሁን አይቶ ራሱ ይመለስላችሁ ነበር። አሁን ብቻችሁን ናችሁ፣ ቪዲዮው ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ አንዴ ከጠፋባችሁ ቀሪው ሁሉ ድምጽ ብቻ ነው። ብዙ ልጆች እዚ ጋ ቪዲዮውን ዘግተው "እኔ ይሄ ትምህርት አይሆነኝም" ብለው ይደመድማሉ፣ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ግራ የገባቸው አንድ መስመር ላይ ሊሆን ይችላል።

እንደዚ አድርጉ። የጠፋባችሁን ቦታ ደቂቃውን ጻፉ። ቀጥሎ እስከዛች ቦታ ድረስ የገባችሁን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉ። ከዛ የቆማችሁበትን ጻፉ። ለምሳሌ "አልገባኝም" አትበሉ፣ ይሄ ለማንም አይጠቅምም፣ አስተማሪውም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፣ የሚሆነው ከመጀመሪያ ጀምሮ ያው ቪዲዮ ላይ ያለውን ይደግምላችኋል። እንደዚ በሉ፤ "7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ፣ ሁለቱን ቀስት ለምን እንደሳልን ገብቶኛል፣ ግን ለምን አንዱን ፖዘቲቭ አንዱን ኔጋቲቭ እንዳደረገ አልገባኝም፣ በተቃራኒው ባደርገው መልሱ ይቀየራል?" ይቺን ጥያቄ ይዞ የመጣ ልጅ 30 ሰከንድ ውስጥ መልሱን ያገኛል። (አይቀየርም፣ ከመጀመሪያ እስከመጨረሻ በአንድ እስከያዛችሁት ድረስ።) ብዙ ጊዜ ደሞ ጥያቄውን እንደዚ አጥርታችሁ ስትጽፉት እዛው እየጻፋችሁ መልሱ ይመጣላችኋል፣ ይሄ በኔም ብዙ ጊዜ ደርሷል።

ከጻፋችሁ በኋላ ዝለሉትና ቀጥሉ። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰአት መቆም አያስፈልግም፣ የክላሱ ስራ እኮ ይሄን መፍታት ነው። ግሩፕ ቻት ካላችሁ ጥያቄውን እዛ ጣሉት፣ አስተማሪው ከክላስ በፊት ጥያቄ የሚቀበልበት ፎርም ካለው ደሞ ሳትሰለቹ ሙሉት፣ አንዳንድ አስተማሪዎች የዛን ቀን ክላስ የሚያዘጋጁት እሱን አይተው ነው፣ ባዶ ከሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል ብለው ያልፉታል።

ኢንተርኔት፣ ስልክ፣ ቦታ፣ ቋንቋ

ይሄን ጉዳይ ችላ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሁሉም ሰው ቤት ውስጥ ፈጣን ኢንተርኔት፣ የራሱ ላፕቶፕ እና ጸጥ ያለ ክፍል የለውም፣ እና ይሄ የሌለው ልጅ ሳያየው ሲመጣ "አልተዘጋጀም" ተብሎ ይመዘገባል። እንደዚ ከሆናችሁ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ለአስተማሪው ንገሩት፣ አትፈሩ፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ሲነገር ምክንያት ይመስላል፣ መጀመሪያ ሲነገር ግን መፍትሄ አለው፤ ቪዲዮውን በፍላሽ ወይ በሜሞሪ ካርድ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ስላይዱን ወይም ጽሁፉን በፒዲኤፍ ሊልክላችሁ ይችላል፣ ከክላስ በፊት የኮምፒውተር ላብ ሊከፍትላችሁ ይችላል። እናንተም በበኩላችሁ ኔትዎርክ ያለበት ቦታ ስትገኙ የሳምንቱን ሁሉ በአንዴ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ኳሊቲውን ዝቅ አድርጉት፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው እስከተነበበ ድረስ ከፍተኛ ኳሊቲ ለምንም አይጠቅምም። ስልኩ የጋራ ከሆነ ሰአቱን ቀድማችሁ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ፣ "ከዚ እስከዚ ሰአት ትምህርት ላይ ነኝ" በሉ፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ስልክ ይዞ ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ለሌላው ሰው የሚማር አይመስልም፣ ካልነገራችኋቸው ይጠሯችኋል ይልኳችኋል።

ስልክ ላይ ስታዩ ደሞ ኖቲፊኬሽን አጥፉ፣ ዳውንሎድ ካደረጋችሁት እንደውም ዳታውን ዝጉት።

ቪዲዮው አፋችሁን ባልፈታችሁበት ቋንቋ ከሆነ ሁለት ስራ ነው የምትሰሩት፣ ቋንቋውንም ትምህርቱንም። ሰብታይትሉን አብሩት፣ አውቶማቲኩ የቴክኒክ ቃል ላይ ሊሳሳት እንደሚችል እያወቃችሁ። ከማየታችሁ በፊት የምእራፉን ዋና ዋና ቃላት ስድስት ሰባቱን አውጥታችሁ ትርጉማቸውን ጻፉ፣ ከዛ ማስታወሻችሁን በፈለጋችሁት ቋንቋ ያዙ፣ በራሳችሁ ቋንቋ ማስረዳት ከቻላችሁ ገብቷችኋል፣ በዛኛው ቋንቋ ቃል በቃል መድገም ግን መግባትን አያሳይም። መስማት ወይም ማየት የሚቸገር ተማሪም ቪዲዮ ብቻ ሲሰጠው ዝም ማለት የለበትም፣ በጽሁፍ የተገለበጠውን መጠየቅ መብቱ ነው።

ክላስ ውስጥ፣ በተለይ ግሩፕ ላይ

እዚ ጋ አንድ የማልረሳት ልጅ አለች። አራት ልጆች ያሉበት ግሩፕ ነው፣ አንዱ ጎበዝ ነው የሚባለው ልጅ እስክሪብቶውን ይዞ ፈጠን ፈጠን እያለ ይሰራል፣ ሌሎቹ ሁለቱ እሱን ያያሉ፣ እሷ ደሞ ወረቀቷን በክንዷ ሸፍና ዝም ብላለች። አጎንብሼ "እስቲ ያንቺን ልየው" አልኳት፣ አንስታ ስታሳየኝ ያንን የሚቆመውን ሊፍት ጥያቄ የአክሰለሬሽኑን ቀስት ወደታች ስላ 480 ብላ ጽፋለች፣ ከአራቱ ትክክል የሰራችው እሷ ብቻ ናት፣ ልጁ በሙሉ ልብ ሲናገር ስትሰማ ግን መልሷን ልታጠፋው ላጲስ አንስታ ነበር። ግሩፕ ወርክ በጥንቃቄ ካልተያዘ እንደዚ ነው የሚሆነው፣ ጮክ ብሎ የተናገረ ያሸንፋል።

መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ ማዙር ሲያደርገው የነበረውም ይሄንኑ ነው። ጥያቄው እንደተሰጠ ማንም አያወራም፣ ሁሉም ለብቻው ሁለት ደቂቃ አስቦ መልሱን ይጽፋል። ከዛ ሁሉም መልሱን ያሳያል። ከዛ የተለያዩ መልሶች ካሉ እያንዳንዱ "ለምን" የሚለውን ያስረዳል፣ ከዛ እንደገና ሁሉም መልሱን ይጽፋል። አስተማሪው እንደዚ ባያደርገውም እናንተ ግሩፓችሁ ውስጥ "ኑ መጀመሪያ ለየብቻ እንስራ ከዛ እናውራ" ማለት ትችላላችሁ፣ ማንም አይቃወምም፣ እስክሪብቶ የሚይዘውንም በየጥያቄው ቀያይሩ። ጎበዝ የምትባሉት ደሞ፣ መልስ አትስጡ፣ "አክሰለሬሽኑ ወደየት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሰው ስታስረዱ ራሳችሁ ያልገባችሁ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል፣ ጊዜያችሁ አልባከነም። አይን አፋር የሆናችሁ፣ ለመናገር ከከበዳችሁ "እኔ ሌላ መልስ ነው ያመጣሁት፣ የቱ ጋ ተለያየን?" በሉ። ይቺ አባባል ተሳስተሃል አትልም፣ ትክክል ነኝም አትልም፣ ግን ወረቀታችሁን ጠረጴዛው ላይ ታወጣዋለች።

ሳታዩ የመጣችሁ ቀንስ? ይመጣል፣ ታመን ይሆናል፣ ሌላ ፈተና ነበረ ይሆናል። ዋናው ስህተት መደበቅ ነው፣ መልስ እየገለበጡ መዋል ነው፣ ከዛ የሚቀጥለው ቪዲዮ ያለፈው ላይ ስለሚቆም እሱም አይገባም፣ እያለ እያለ ሶስት ሳምንት ይሆናል። ለግሩፓችሁ "ዛሬ አላየሁትም፣ ዋናውን ሃሳብ በሁለት ደቂቃ ንገሩኝ" በሉ፣ ክላስ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ደሞ የቪዲዮውን ምሳሌ ብቻ ፈልጋችሁ አንዱን እዩ፣ መግቢያውን ተዉት። ቤት ስትሄዱ የዛኑ ቀን ማታ ያንን ቪዲዮ እዩት፣ "ቅዳሜ አያለሁ" አትበሉ። ብዙ ቪዲዮ ከተጠራቀመባችሁ ደሞ ከድሮው አትጀምሩ፣ የነገውን መጀመሪያ እዩ፣ ከዛ በቀን አንድ አንድ እያላችሁ ወደኋላ ክፈሉ፣ አለበለዚያ ሁሌ ከኋላ እየሮጣችሁ ክላሱም አያልፍላችሁ።

"አስተማሪው አያስተምረንም፣ ራሳችንን እያስተማርን ነው"

ይሄን ቅሬታ ከያንዳንዱ ግሩፕ ሰምቻለሁ፣ እኔም ብያለሁ። ሁለት ነገር ነው ውስጡ ያለው እና መለየት አለበት።

አንደኛው ስሜት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሃርቫርድ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተሰራ ጥናት ታትሟል፣ ጥሩ ሌክቸር ቁጭ ብለው የሰሙት "ብዙ ተማርኩ" አሉ፣ ራሳቸው እየሰሩ የተማሩት "ትንሽ ነው የተማርኩት" አሉ፣ ሲፈተኑ ግን ራሳቸው የሰሩት በለጡ። ማለትም ጭንቅላት ሲለፋ ያልተማረ ይመስለዋል። ስለዚ ክላስ ውስጥ ተጨንቃችሁ፣ ተሳስታችሁ፣ ሰርዛችሁ ከወጣችሁ እና "ዛሬ ምንም አልተማርኩም" ካላችሁ፣ ከመደምደማችሁ በፊት ማታ ያንኑ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ስሩት። ጠዋት የማትችሉትን ማታ ከቻላችሁ ተምራችኋል።

ሁለተኛው ግን እውነተኛ ችግር ነው። አንዳንድ አስተማሪ ቪዲዮውን ይጥልና ክላስ ውስጥ ቁጭ ይላል፣ አንዳንዱ ለነገ ብሎ ማታ ላይ የአንድ ሰአት ቪዲዮ ይለቃል፣ አንዳንዱ ደሞ ማንም አላየም ብሎ ቪዲዮውን እንዳለ ክላስ ውስጥ ይደግመዋል፣ ያኔ አይቶ የመጣው ልጅ "ለምን ለፋሁ" ይልና በሚቀጥለው እሱም አያይም። እነዚህ የተማሪ ጥፋት አይደሉም። ለአስተማሪው ስትነግሩ ግን "ፍሊፕድ ክላስ አልወደድነውም" ብላችሁ አትሂዱ፣ የሚቀየር ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ሶስት አራት ሆናችሁ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ "ቲቸር፣ ቪዲዮዎቹ ጥሩ ናቸው ግን የነገውን ዛሬ ማታ ስናገኝ አንደርስም፣ ከ3 ቀን በፊት ቢለቀቁልን፣ ክላስ ስንጀምር ደሞ 10 ደቂቃ ያልገቡንን ጥያቄዎች ብንሰራ፣ ጥያቄዎቹን ሰብስበን እኛ እንልክልዎታለን።" እኔ በነበርኩበት ኮርስ ተማሪዎች እንደዚ ብለው ጠይቀው ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ተስተካክሏል፣ አስተማሪው እኮ ማታ ምን እንደሚደርስባችሁ አያይም።

ለፈተና የሚሆናችሁ

አንድ ደብተር ለጥያቄ ብቻ መድቡ። ማታ ቪዲዮ ላይ ያጋጠማችሁ ጥያቄ፣ ክላስ ውስጥ የተሳሳታችሁት ጥያቄ፣ "ቢሆንስ" ብላችሁ ራሳችሁ የቀየራችሁት፣ ሁሉም እዛ ይግባ፣ ጥያቄው በቀኝ ገጽ፣ መልሱና የተሳሳታችሁበት ምክንያት በግራ ገጽ። ምክንያቱን በደንብ ጻፉት፣ "ስሌት ተሳሳትኩ" ብቻ ሳይሆን "የሚሄድበትን አቅጣጫ እና አክሰለሬሽኑን አንድ አደረኳቸው" ብላችሁ። ከክላስ እንደወጣችሁ የዛኑ ቀን 10 ደቂቃ ወስዳችሁ ከባዱን አንድ ጥያቄ እዛ ላይ ድገሙት። ሳምንቱ ሲያልቅ ግራ ገጹን በወረቀት ሸፍናችሁ የሳምንቱን ጥያቄዎች ስሩ፣ የቻላችሁት ላይ ምልክት አድርጉ። ለፋይናል ስትቀመጡ ቪዲዮዎቹን ከመጀመሪያ ጀምሮ ማየት አይጠበቅባችሁም፣ ያን ሁሉ ሰአትም አታገኙም፣ ምልክት የሌላቸውን ጥያቄዎች ብቻ አውጡና ደቂቃቸው ተጽፏል፣ ቀጥታ 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ሂዱ።